የት/ቤቱ ጉባኤ ወሰነ፤ ከዚያስ?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ት/ቤቶች ወጥተን በተመለስን ቁጥር በዚህ ግቢ የምናወራው ነገር ይመሳሰላል። የክፍሉ ጥበት፣ የተማሪው ብዛት፣ የትምህርት መርጃው እጥረት አንድ በአንድ ይነሣል። በወሬው መካከል አንዱ ጣል አድርጎ፣ «የወላጆች ጉባኤ ላይ ደርሼ ነበር፤ ብዙ ነገር ተወሰነ» ይላል። ምን ተወሰነ? «ኧረ ብዙ ነው! ግቢው እንዲጸዳ፣ ውሃ እንዲገባ፣ አትክልት እንዲተከል፣ ወላጅ እንዲተባበር...» ማን ያስገባዋል? በምን ገንዘብ? መቼ? ሲባል ግን ዝም ይላል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው። እዚህ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ እንማራለን፤ የሕፃናት ሥነ ልቡና እንማራለን፤ የመለማመጃ ትምህርት በጓደኞቻችን ፊት እንሰጣለን። ጉባኤ እንዴት እንደሚወስን ግን እምብዛም አንነጋገርም። ይሁንና አዲስ መምህር በተመደበበት ት/ቤት ገና ሳይደላደል፣ «አንተ ጽሕፈትህ ያምራል፤ አንቺ ወጣት ነሽ» ተብሎ የጉባኤ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ብዕሩ እጃችን ሲገባ ምን እንደምንጽፍበት አስቀድመን ብናውቅ አይከፋም። ስለዚህ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ጉባኤ ከየት እንደመጣ፣ ምን መወሰን እንደሚችል፣ ውሳኔውም እንዴት ሥራ እንደሚሆን ባጭሩ እናስረዳለን። ለምሳሌ የምንወስደው አካባቢ መካኒሳን ነው።

ጉባኤው ከየት መጣ?

ወላጅ ልጁን ለት/ቤት ከማስረከብ አልፎ በት/ቤቱ ጉዳይ ድምፅ ይኑረው የሚለው ሐሳብ በአገራችን ያለ ዋጋ አልመጣም። በ1964 ዓ.ም. «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» ወይም ብዙዎች እንደሚሉት «ሴክተር ሪቪው» ተካሄደ። ጥናቱ የባለሙያዎችና የባለሥልጣኖች ሥራ ነበር፤ ወላጁና መምህሩ አልተማከሩበትም። ይዘቱ በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ መምህራን ተቃወሙ፤ በየካቲት ወር የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ፤ ወላጆችም «ልጆቻችንን ከከፍተኛ ትምህርት ሊያግዱብን ነው» ብለው ጠረጠሩ። መንግሥትም ዕቅዱን ሊያቆመው ተገደደ። በጥናቱ ውስጥ ጠቃሚ ሐሳብ አልነበረም ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ያልተጠየቀ ሰው ደግ ነገር እንኳ ቢሰጡት በጥርጣሬ እንደሚያየው ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

በ1968 ዓ.ም. የግል ት/ቤቶች የሕዝብ ንብረት እንዲሆኑ ታወጀ። ተከትሎም ሕዝቡ በተመረጡ ኮሚቴዎች አማካይነት ት/ቤቶችን እንዲያስተዳድር የሚደነግግ አዋጅ ወጣ። የት/ቤት ኮሚቴ የሚለው ስም በየቀበሌው የተለመደው ያን ጊዜ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አስተዳደሩ ያልተማከለ እንዲሆን፣ ኅብረተሰቡ፣ መምህራኑና ተማሪዎቹም በቦርድ ወይም በኮሚቴ እንዲሳተፉ አለ። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር፣ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ስለ ፋይናንስ ባወጣው መመሪያ የወላጅና መምህር ኅብረት ሥራ ተዘረዘረ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የት/ቤት መሻሻል መርሐ ግብርም አራት ዐበይት ርዕሶች አሉት፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የት/ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። ዛሬ በየት/ቤቱ «ወተመህ» እየተባለ የሚጠራው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የዚህ ሁሉ ልጅ ነው።

በዚህ ስም ውስጥ «ተ» ተማሪ መሆኑን ልብ እንበል። በኋላ እንመለስበታለን።

ምን መወሰን ይችላል? ምንስ አይችልም?

ጉባኤው ሥርዓተ ትምህርት አይቀርጽም፤ መምህር አይቀጥርም፤ የፈተና ውጤትም አይለውጥም። እነዚህ የበላይ አካልና የሙያተኛው ሥራዎች ናቸው። የጉባኤው ድርሻ የት/ቤቱን ዓመታዊ ዕቅድ መመርመር፣ ለት/ቤቱ የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል መምከርና አወጣጡን መከታተል፣ ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ ግቢውን ማሻሻል፣ የአካባቢውን ሰው ጉልበትና ዕውቀት ማሰባሰብ ነው። በወላጅና በት/ቤት መካከል አለመግባባት ሲነሣም ሽማግሌ ሆኖ ይገባል።

ይህ ትንሽ ሥልጣን አይደለም። እንዲያውም አንድ ልጅ ነገ ት/ቤት ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በእነዚሁ ጉዳዮች ነው።

እስቲ መካኒሳ እንሂድ

መካኒሳ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይገኛል። የቆየ ነዋሪና አዲስ ገቢ፣ ባለ ቤትና ተከራይ፣ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ አብሮ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በዚያ ያልፋል። በወንዙ ዳር የአትክልት ገበሬዎች ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለከተማው ገበያ ሲያመርቱ ኖረዋል፤ የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች በማኅበር ተደራጅተው የሠሩበት ዘመንም ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት የታወቀ ት/ቤትም በዚሁ በመካኒሳ አለ።

አሁን በዚህ ሰፈር አንድ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ጉባኤ ተቀመጠ እንበል። ት/ቤቱ ለማስረዳት ያህል በሐሳባችን የሠራነው ነው፤ ማንንም አይመለከትም። አጀንዳው ሦስት ነው፤ የመጸዳጃ ቤት ውሃ፣ የት/ቤት አትክልት ቦታና የወላጆች መዋጮ።

አንደኛ፣ ውሃው

በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ከ2012 የትምህርት ዘመን ወዲህ ደግሞ በከተማው የመንግሥት ት/ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ስላለ ውሃ ለመጠጥና ለመጸዳጃ ብቻ ሳይሆን ለወጥ ቤትና ለዕቃ ማጠቢያም ይፈለጋል። ስለዚህ ጉባኤው «ሮቶ ይገዛ» ብሎ ቢወስን ማንም አይቃወምም። ይጨበጨባል፤ ይበተናል።

ታዲያ ሮቶው ተገዝቶ ቆሞስ? ማታ ወይም ሌሊት ውሃ ሲመጣ ማን ይሞላዋል? ጥበቃው ከሆነ፣ ሥራው ተነግሮታል? ቧንቧው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ለመጸዳጃ ቤቱና ለወጥ ቤቱ ስንት ስንት ይመደባል? እነዚህ ያልተመለሱበት ሮቶ ባዶውን ቆሞ ያረጃል።

ሌላም አለ። ትልልቆቹ ስለ ውሃ ሲከራከሩ አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ ብትጠየቅ ኖሮ፣ «የእኛ መጸዳጃ ቤት በሩ ከውስጥ አይቆለፍም» ትል ይሆናል። ያንን ብረት ለማስገጠም የሚወጣው ከሮቶው ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ይሁንና በሩ ካልተቆለፈ ውሃው ቢኖርም ልጅቷ አትገባም፤ ቀኑን ሙሉ ተጨንቃ ትውላለች ወይም ትቀራለች። በወተመህ ውስጥ «ተ» የገባችው ለዚህ ነው። የተማሪ ተወካይ ለሻይ ማቅረቢያ አልተመረጠም።

ሁለተኛ፣ አትክልቱ

የት/ቤት አትክልት ቦታ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለሳይንስ ትምህርት መርጃ ይሆናል፤ ምርቱም ለምገባው ይጨመራል። ወንዙም ቅርብ ነው፤ «እሱን እንጠቀም፤ ነፃ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

እዚህ ላይ ጉባኤው ቆም ማለት አለበት። የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ፣ የመኖሪያ ቤቱንም የፋብሪካውንም ይዘው ነው የሚወርዱት። በእነዚህ ወንዞች ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላቸው የሚበላ አትክልቶች ደግሞ ይህን ብረት አብዝተው ይይዛሉ። ብዙ ሰው «ቢቀቀል ይጠፋል» ይላል። መቀቀል ጀርም ይገድላል፤ በቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያስወጣም። የልጅ ሰውነት ደግሞ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ይበረታል።

ይህን ስንል የወንዙን ዳር ገበሬ ለመውቀስ አይደለም። እርሱ ውሃውን አላቆሸሸውም፤ ከላይ የመጣለትን ነው የተጠቀመ። እንዲያውም ስለ አፈርና ስለ ዘር ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ በሰፈሩ አይገኝም፤ ጉባኤው ሊጋብዘው ይገባል። የምንለው በልጆች ሳህን ላይ የሚወጣ ነገር በዚያ ውሃ አይልማ ነው። ቦታው ጎርፍ የሚተኛበት ከሆነ ደግሞ አፈሩም ሳይመረመር አይተከልበት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከጣሪያ የሚወርደው የክረምት ዝናብ አለ። እዚህ ላይ ሒሳብ መምህሩ ይነሣ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት ያለው የመማሪያ ክፍሎች ጣሪያ 160 ካሬ ሜትር ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ደህና ዝናብ ቢወርድበት 1,600 ሊትር ይሰጣል። ከአምስት እጅ አንዱ ፈስሶ ቀረ ብንል 1,280 ሊትር ይተርፋል። እንዲህ ያለ ዝናብ አራት ጊዜ ከወረደ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሞላ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ስለሚያጥብ ይፈሳል እንጂ አይጠራቀምም።

ይህ ውሃ በበጋ ስንት ቀን ያገለግላል? 20 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ለካሬው 5 ሊትር ብናጠጣው 100 ሊትር ይፈጃል፤ ለ50 ቀን ይበቃል። እንግዲህ ጉባኤው «ግማሽ ሄክታር እናለማለን» ብሎ ከመፎከር «20 ካሬ ሜትር እናለማለን» ቢል ይበልጥ ይታመናል። ትንሿ መደብ አረንጓዴ ሆና ስትታይ ወላጁ ራሱ «ለምን አናሰፋትም?» ይላል።

ሦስተኛ፣ መዋጮው

ከውሳኔዎች ሁሉ ቀላሉ «እያንዳንዱ ወላጅ ይህን ያህል ብር ያዋጣ» የሚለው ነው። ከሁሉም ይበልጥ አደገኛው ይኸው ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ ከነፃነት በኋላ «ሐራምቤ» በሚል ጥሪ ሕዝቡ ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶችን ሠርቷል። የሚያኮራ ሥራ ነው። ግን ሀብት ያለው አካባቢ ብዙና የተሻለ ት/ቤት ሲያገኝ፣ ያጣው አካባቢ ወደ ኋላ ቀረ። መዋጮ ብቻውን ሲተው ያለውን ለያለው ይጨምራል። በአንድ ት/ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው።

ልብስ አጥባ የምታድር እናት ሦስት ልጆች አሏት እንበል። መዋጮው በልጅ የሚቆጠር ከሆነ ከሁሉም ይበልጥ የምትከፍለው እርሷ ናት! ባትከፍልስ? ልጇ በሰልፍ ፊት ስሙ ይጠራል? ካርዱ ይያዝበታል? እንዲህ ዓይነት ነገር በየትም ት/ቤት ቢሆን ነውር ነው። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ትምህርት በነፃ ነው፤ መዋጮ በፈቃድ እንጂ በግዳጅ አይሆንም። ልጅ በወላጁ ኪስ አይቀጣም።

በመሆኑም ጉባኤው መዋጮ ካስፈለገው እነዚህን ቢጠብቅ መልካም ነው።

አንድ፣ የሚከፈለው በፈቃድ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ለወላጆችም ይነበብ። ሁለት፣ ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ ወይም በሙያው እንዲረዳ በሩ ይከፈት፤ የአናጢ አንድ ቅዳሜ ከብዙ ብር ይበልጣል። ሦስት፣ የከፋዮችና ያልከፈሉ ስም ዝርዝር በግድግዳ አይለጠፍ። አራት፣ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይሰጥ፤ ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ፤ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ። አምስት፣ በግድግዳ የሚለጠፈው ገቢና ወጪው ይሁን።

ቃለ ጉባኤው

አሁን ወደ ብዕሩ እንመለስ። በብዙ መዝገብ የምናውቀው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ስለ መጸዳጃ ቤት ውሃ ሰፊ ውይይት ተደርጎ ሁሉም የበኩሉን እንዲወጣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ያምራል፤ ግን ባለቤት የለውም። «ሁሉም» ማለት ማንም ማለት ነው። እስቲ በዚህ እንለውጠው፦

«ለሴቶች መጸዳጃ ቤት በሮች የውስጥ መቀርቀሪያ እንዲገጠም ተወሰነ። ሥራውን የሚያሠሩት የወላጅ አባል (ስም) ናቸው። ወጪው ከት/ቤቱ ድጎማ ሂሳብ ነው፤ የሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ይቀርባል። ሥራው እስከ ጥቅምት 15 ያልቃል። ጥቅምት 20 ቀን ሁለት ሴት የተማሪ ተወካዮችና አንዲት መምህርት አይተው ለጉባኤው ይነግራሉ።»

ይህኛው አያምርም። ግን ጥቅምት 20 ቀን መቀርቀሪያው መግባቱ ወይም አለመግባቱ ይታወቃል። ባጭሩ፣ ውሳኔ ማለት ምን፣ ማን፣ በምን፣ መቼና ማን ያየዋል የሚሉትን አምስት ጥያቄዎች የመለሰ ነገር ነው። አንዱ ከጎደለው ገና ምኞት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሰምተናል፤ ግን ድሩን የሚፈትለው ሰው መታወቅ አለበት።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሲከፈትም አዲስ አጀንዳ ከመነሣቱ በፊት ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ። ያልተሠራው ለምን እንዳልተሠራ ይጠየቅ። ይህን ያደረገ ጉባኤ ጥቂት ይወስናል፤ የወሰነውን ግን ይሠራል።

በአዳራሹ ያልነበሩት

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም የሚከብደው ነው። ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ቢጠራ ማን ይመጣል? የቀን ሠራተኛው ቢመጣ የዕለት ገቢው ይቀርበታል። በጉልት የምትሸጠዋ እናት ገበያዋን ጥላ አትመጣም። መስማት የተሳነው ወላጅ ቢመጣ አስተርጓሚ ከሌለ ተቀምጦ ይሄዳል፤ መካኒሳን በመሰለ ሰፈር ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ መጥራት ግን ከባድ አይደለም። ማንበብ የማይችል ወላጅ የጥሪ ደብዳቤው ደረሰው አይባልም።

መፍትሔው በሰፈሩ ውስጥ አለ። ዕድር አለ፤ ዕድርተኛው በሚሰበሰብበት ቀን ሁለት ደቂቃ ለምኖ መናገር ይቻላል። ቀኑ ሲመረጥ የሰፈሩ ሰው የሚውልበት ይታወቅ፤ መካኒሳ አቦ በወሩ 5፣ መካኒሳ ሚካኤል በወሩ 12 ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳልና በነዚያ ቀኖች ስብሰባ አይጠራ፤ የሙስሊም ወላጆችም የዓርብ ሶላት ይታሰብ። ያልመጣውን ደግሞ «ግድ የለሽ» ከማለት በፊት በልጁ በኩል ሳይሆን በሰው ልኮ መጠየቅ ይገባል። ለእያንዳንዱ ውሳኔ አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፤ «ይህ ዛሬ ያልመጣውን ቤት ምን ያደርገዋል?» የልብስ አጣቢዋን ሦስት ልጆች ከመዋጮው የሚያድናቸው ይህ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ እኛስ?

ውድ እጩ መምህራን፣ በሚቀጥለው የልምምድ ጊዜ ከትምህርት ዕቅዳችን ጎን አንድ ትንሽ ሥራ እንጨምር። በደረስንበት ት/ቤት ር/መምህሩን አስፈቅደን ያለፈውን ዓመት የወተመህ ቃለ ጉባኤ እናንብብ። ከውሳኔዎቹ ሦስቱን መርጠን በአምስቱ ጥያቄዎች እንመዝናቸው። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥተን በዓይናችን እንይ። የት/ቤቱንም የሰውንም ስም ሳንጠቅስ ያየነውን ጽፈን ለዝግጅት ክፍሉ እናምጣ፤ በዚሁ ግድግዳ ላይ እንወያይበታለን። ልምድ ያላችሁ መምህሮቻችንም ጸሐፊ ሆናችሁ ያያችሁትን ብታካፍሉን ደስ ይለናል።

የምናስተምረው ልጅ ቃለ ጉባኤውን አያነበውም። እርሱ የሚያውቀው ቧንቧው ሲከፈት ውሃ መውረዱን፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ከውስጥ መቆለፉን፣ ስሙ በሰልፍ ፊት አለመጠራቱን ነው። ጸሐፊ ሆነን ብዕር ስናነሣ እርሱ አጠገባችን እንደቆመ አድርገን እንጻፍ።